ስንቅህን በምን ትይዛለህ?

አንባቢዬ ሆይ፥ ተራራ ለመውጣት ወይም በድንኳን ለማደር ያሰበ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ስለ ጫማ፥ ሌላው ስለ ድንኳን፥ ሦስተኛው ስለ ብርድ ልብስ ይነግረዋል። ምግቡን በምን ቋጥሮ፥ ላምባውን በምን ቀድቶ እንደሚሄድ የሚመክረው ሰው ግን እኔ እስካሁን አላየሁም። መያዣ ምን ክብር አለውና! ባዶውን ያየው ሁሉ ይንቀዋል፤ የሚታወሰውም የያዘው ነገር የፈሰሰ ዕለት ነው። እኔም ንቄው ነበረና፥ ንቀቴ ስድስት ሰዎችን ስንቅ አሳጥቶ፥ አንዱን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን ስቆጥርለት እንዳድር አድርጎኛል። አንተም ብትሆን፥ አንቺም ብትሆኚ፥ ከወር ደመወዝ ቆጥባችሁ ወይም የፈተና ማግሥትን ዕረፍት ጠብቃችሁ መንገድ ለመውጣት የምታስቡ እንደሆነ፥ የእኔን ስሕተት በእኔ ወጪ ተማሩት።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሆንን አራት ጸሐፊዎችና ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተማክረን፥ የሰሜንን ተራሮች በእግራችን ልናይ ቆረጥን። ሐሳባችን ከደባርቅ ተነሥተን በሳንቃበር፥ በግጭና በጨነቅ እያደርን ራስ ዳሸን ለመውጣት ነበረ። ከፍታው 4,550 ሜትር ያህል መሆኑንና በአገራችን የሚበልጠው ተራራ አለመኖሩን ከአንደኛ ደረጃ ጀምረን ስንሸመድድ ኖረናልና፥ የሸመደድነውን አንድ ቀን መርገጥ አማረን። ሥራ ሲከፋፈል አንዱ ገንዘብ ያዥ፥ ሌላው የድንኳን ኃላፊ ሲሆኑ፥ እኔ «የስንቅ ሹም» ተባልሁ። በመሥሪያ ቤት ከጸሐፊነት ያላለፍሁ ሰው ስለ ሆንሁ ሹመቱን በደስታ ተቀበልሁ።

ስንቁን ያዘጋጁልን አክስቴ ናቸው። በሶ አስፈጩ፥ ዳቦ ቆሎ ጠበሱ፥ ድርቆሽ አደረቁ፥ ቋንጣና ሽሮም ጨመሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ከፍ ባለ ተራራ ላይ ምስርና ሽምብራ ቀቅዬ እበላለሁ የሚል ሰው ላምባውን ጨርሶ ጥሬውን ይቆረጥማል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በግጭ ከፍታ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና፥ ቢንተከተክም የማብሰል ኃይሉ ደካማ ነው። አክስቴ ይኸን ከፊዚክስ መጽሐፍ አላገኙትም፤ መንገደኛ የተቆላና የደረቀ ነገር ይዞ እንደሚሄድ ከእናታቸው ተምረውታል።

ስንቁ ካለቀ በኋላ ከዕቃ ቤት አንድ አገልግል አወጡ። በአክርማና በስንደዶ ተሰፍቶ በፍየል ቆዳ የተለበጠ፥ ከአገልግሎት ብዛት የጠቆረ፥ ማንገቻው ሁለት ጊዜ የተለወጠ ነበረ።

«በል ይኸን ያዝ» አሉኝ።

«እትዬ፥ ጓደኞቼ ምን ይሉኛል? ለቅሶ ቤት እራት የማደርስ እኮ ነው የምመስለው።»

«ጓደኞችህ ሲርባቸው የሚሉህን ስማ» አሉና መልሰው ወደ ዕቃ ቤት ከተቱት።

መርካቶ ሄድሁ። ሰማያዊና ቀይ ክዳን ያላቸው፥ ውስጣቸው እንደ መስተዋት የሚያሳይ የፕላስቲክ ሣጥኖች ገዛሁ። በሶው በአንዱ፥ ዳቦ ቆሎው በሌላው፥ ሽሮው በሦስተኛው ገባ። በመሥሪያ ቤት ልማዴ በየክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፌ ስማቸውን ስጽፍባቸው መዝገብ ቤት መሰሉ። ለላምባው ደግሞ ከምናለሽ ተራ ዘይት የነበረበት ባለ 3 ሊትር ስስ ፕላስቲክ አገኘሁ። ክዳኑ ሲጠመዘዝ መጨረሻው ላይ «ጠቅ» ይል ነበረና፥ ያች ድምፅ መተማመኛ ሆነችኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዐባይ በረሃ ስንወርድ ያየሁትን ልብ ብዬው ኖሮ ቢሆን የኋለኛው ሁሉ ባልደረሰ። ጎሐ ጽዮን ላይ ግማሹን ጠጥቼ አጥብቄ የዘጋሁት የውኃ ፕላስቲክ፥ ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ ማንም ሳይነካው ጎኑ ተጨማዶ ተገኘ። ሁላችንም ሳቅን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወደ ቆላ ስንወርድ የውጭው አየር ግፊት እየጨመረ ሄዶ በውስጥ ያለውን አየር ተጫነው። ስንወጣ ደግሞ ተቃራኒው እንደሚሆን፥ ይኸውም ታሽጎ የተዘጋ ዕቃ ተራራ ላይ እንደሚነፋ፥ ማናችንም አላሰብንም። የቦይልን ሕግ በፈተና ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል፤ ሕጉ በእኛ ላምባ ላይም ይሠራል ብሎ ማን ጠረጠረ?

ላምባውን ጎንደር ላይ ሞልተን በማግሥቱ ደባርቅ ገባን። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ ነው፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን መቸም ታውቃለህ። መንገድ መሪና ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አገኘን፤ ሁለት የጭነት በቅሎዎችም ከነባለቤታቸው ተከራየን። ባለበቅሎው ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፥ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ጭነቱን ሲያስተካክሉ የእኔን ሣጥኖች አንድ በአንድ እያነሡ በጥፍራቸው ቋ ቋ አደረጓቸው።

«ልጄ፥ ይኸ ብርጭቆ ነው?»

«አይደለም አባቴ፥ ፕላስቲክ ነው። አይሰበርም።»

«በቅሎይቱ ይኸን ታውቃለች?»

ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀጥለው ላምባው የት እንዳለ ጠየቁኝ። በፌስታል ጠቅልዬ፥ ከበሶው ሣጥን ጋራ በአንድ ጆንያ ውስጥ እንዳደረግሁት ነገርኋቸው።

«ላምባና እህል በአንድ ጎን አይጫንም፥ ልጄ።»

ሌላ ቦታ እንደሌለ፥ ክዳኑም «ጠቅ» ብሎ እንደተዘጋ አስረዳኋቸው። እንግዳን መከራከር ነውር መስሏቸው ይሁን፥ ወይም ኪራይ የሚከፍል ሰው ያሻውን ያድርግ ብለው፥ ምንም ሳይመልሱ መጫኛውን ጠበቅ አድርገው አሠሩት።

የመጀመሪያይቱን ሌሊት ሳንቃበር በደኅና አደርን። በሁለተኛው ቀን ወደ ጅንባር ወንዝ ወርደን እንደገና ወደ ግጭ ስንወጣ፥ መንገዱ በጠበበበት ስፍራ በቅሎይቱ ጭነቷን ሁለት ጊዜ ከድንጋይ ጋራ አላተመችው። በቅሎ የራሷን ገላ ትጠብቃለች እንጂ የጭነቷን ስፋት አትለካም። ከጆንያው ውስጥ አንድ ነገር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ነገር ግን ፊት ለፊታችን የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ስለ ነበረ፥ እኔም እንደ ሌሎቹ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሮጥሁ።

ግጭ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ አለው። ከተማሪዎቹ አንዱን ከቀትር ጀምሮ ራስ ምታት ይዞት ነበረ፤ ከፍታው ነው። ምግብ ሲያይ ያቅለሸልሸው ስለ ነበረ በሶ በማር በጥብጬ እንድሰጠው ለመነኝ። መሽቶ ነበረ፤ በምንበስልበት መጠለያ ውስጥም የላምባው ምድጃ ይነድ ስለ ነበረ ሽታው ሁሉን ሞልቶታል። በእጅ ባትሪ ብርሃን በሶውን ዘግኜ በጠበጥሁና ሰጠሁት። ልጁ ብርድም ጥምም ይዞት ነበረና አንድ ጊዜ ጨልጦ ተጎነጨ፤ ከዚያም ኩባያውን ከአፉ አውርዶ ተመለከተኝ።

«ይኸ በሶ ላምባ ላምባ ይላል» አለ።

ባትሪውን ወደ ሣጥኑ አዞርሁ። የሰማያዊው ክዳን ማእዘን ተሰንጥቆ ጠፍቷል። የላምባው ዕቃ አንገቱ ድረስ ርሷል፤ ፌስታሉ በላምባ ተሞልቶ ጆንያውን አልፎ ወጥቷል። በሶው በአንድ ወገን ወደ ቢጫነት ተለውጦ እንደ ጭቃ ሆኗል። የሽሮውም የዳቦ ቆሎውም ሣጥን ሲከፈት ያው ሽታ ወጣ። ቋንጣው ብቻ በጨርቅ ተቋጥሮ በሌላ ቦርሳ ስለ ነበረ ተረፈ።

ከመካከላችን አንዱ «ጣትህን ጉሮሮህ ከትተህ አስታውከው» ብሎ ጮኸ። ልጁ እምቢ አለ። እንኳንም እምቢ አለ! በኋላ አንዲት ነርስ እንዳስረዳችኝ፥ ላምባ የዋጠን ሰው ማስታወክ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ላምባ በሆድ ውስጥ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ፥ ሲያስታውኩት ወደ ሳንባ የገባ እንደሆነ የሚያደርሰው ይብሳልና። እኛ ይኸን አናውቅም ነበረ፤ የዳነው በራሱ እምቢተኝነት ነው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከድንኳኑ ውጭ በሳፋ የተረሳው ውኃ በረዶ ሠርቶ አደረ። ልጁ አንድ ጊዜ ይስላል፥ አንድ ጊዜ ይቃዣል፤ ሳሉ ከላምባው ይሁን ከብርዱ፥ ራስ ምታቱ ከከፍታው ይሁን ከሌላ፥ ለመለየት የሚችል ሰው በመካከላችን የለም። ከቤት ስንወጣ እናቱ እጄን ይዘው «አደራ» ያሉኝ እኔን ነበረ። ሹም መባሌን ሰምተው ይሆናል። በባትሪው ብርሃን ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እየተመለከትሁ፥ «ጠቅ» ያለችውን ያችን ክዳን ስረግም አነጋሁ።

ሲነጋ ባለበቅሎው ወደ ድንኳናችን መጡ። ስላለፈው ነገር አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከትከሻቸው አንድ አሮጌ ስልቻ አውርደው አፉን ፈቱና በሶ ዘግነው በኩባያ በጠበጡ። ደረቅ፥ የገብስ መዓዛ ያለው፥ ንጹሕ በሶ ነበረ። አስቀድሞ ለታመመው ሰጡት፤ ቀጥለው ለእኛ። የእርሳቸው የመንገድ ስንቅ መሆኑን እያወቅን ስድስታችንም ጠጣን። እንዲህ ያለ ውለታ ቢከፍሉትም የሚያልቅ አይደለም፤ ከኪራዩ በላይ የሰጠናቸውንም ገንዘብ በግድ ነው የተቀበሉን። ልጁን በበቅሎ አስቀምጠን ወደ ሳንቃበር ተመለስን፤ ከዚያም በመኪና ደባርቅ ወስደን አስመረመርነው፤ ሳንባው ደኅና መሆኑ ተነገረን። ራስ ዳሸንን ሳንረግጥ አዲስ አበባ ገባን።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ ከዚያ ወዲህ ስለ መያዣ ያላጠያየቅሁት ሰው የለም። መርካቶ ያሉ ነጋዴዎች «የጀሪካኑ ሰውዬ» ይሉኛል።

መጀመሪያ ስለ ላምባው ልናገር። ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር፥ ግጭ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ አላቸው። በጎንደር አየር ተዘግቶበት የሄደ ዕቃ ግጭ ሲደርስ በውስጡ ያለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል፤ ራስ ዳሸን ቢደርስ ከሲሶ በላይ። ስስ ፕላስቲክ ይነፋል፥ የቀን ፀሐይ ይጨመርበታል፥ አየሩም ወደ ክዳኑ ይገፋል። ዕቃው ተጋድሞ የተጫነ እንደሆነ ደግሞ በክዳኑ በኩል ያለው አየር ሳይሆን ላምባ ነውና፥ ተገፍቶ የሚወጣው እርሱ ነው። ስለዚህ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ይታሰር፥ ጥቂት ባዶ ቦታ ይተውለት፥ በየሰፈሩ ስትደርስም ክዳኑን አንድ ጊዜ ላላ አድርገህ አስተንፍሰው። ክዳኑ ውስጥ የጎማ ቀለበት ከሌለ «ጠቅ» ቢልም አትመነው።

«ጀሪካን» የምንለው ዕቃ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። የጀርመን ጦር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ነዳጅ የሚያመላልስበት ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ነበረው። እንግሊዞች ደግሞ በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነዳጃቸውን በስስ ቆርቆሮ ይጭኑ ነበርና፥ በየመንገዱ እየተበሳ ብዙው አሸዋ ጠጣው። የማረኩትን የጀርመን ዕቃ ባዩ ጊዜ የራሳቸውን ጥለው እርሱን ቀዱ፤ ጀርመኖችን በቅጽል «ጄሪ» ይሏቸው ስለ ነበረ ዕቃው «ጄሪ ካን» ተባለ። ብልሃቱ ደግሞ ግሩም ነው። እጀታው ሦስት ነው፤ መካከለኛውን አንድ ሰው ይይዘዋል፥ በዳርና በዳር ያሉትን ሁለት ሰዎች ይካፈሏቸዋል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ የሁለቱን ጀሪካኖች የዳር እጀታ አጋጥሞ በአንድ እጅ ማንሣት ይቻላል። በጎኑ ላይ በመስቀለኛ የተጎደጎደው መስመር ጌጥ እንዳይመስልህ፤ ብረቱን ያጠነክረዋል፥ ሙቀት ሲነፋውም መላወሻ ይሰጠዋል። ከላይ አየር የሚቀርበት ጉብታ ስላለው ሞልቶ ውኃ ላይ ቢወድቅ እንኳ ይንሳፈፋል። ዛሬ በየቤታችን ውኃ የምንቀዳበት ቢጫው ፕላስቲክ ስሙን ብቻ የወረሰ የልጅ ልጅ ነው፤ ቢሆንም ወፍራሙ ለውኃ የሚናቅ አይደለም። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ መመዘኑን ብቻ አትርሳ። ለእግር መንገድ ሁለት ባለ 5 ሊትር፥ ለየሰው አንዳንድ ኮዳ ይሻላል።

ፕላስቲክ ስትገዛ ገልብጠህ ቂጡን እይ። በሦስት ማእዘን ምልክት ውስጥ ቁጥር ታገኛለህ። 2 የሚለው ወፍራምና ጠንካራ፥ እንደ ወተት የደበዘዘ ዓይነት ነው፤ ቢወድቅ ይጎብጣል እንጂ አይሰነጠቅም። 5 የሚለውም ጥሩ ነው፥ ትኩስ ነገር ይችላል። 6 የሚለው አምሮ የሚያበራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ የእኔ ሣጥኖች እርሱ ነበሩ። ቁጥሩ ግን የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ ለምግብ መሆኑን አይነግርህም፤ ለምግብ የተሠራው የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ይታተምበታል። ደግሞም ላምባ አንድ ጊዜ የገባበት ፕላስቲክ ገላው ውስጥ ይመጠዋልና፥ በሳሙናም በአመድም ብታሸው ለምግብ አይመለስም። በላዩ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተህ ከዕቃ ቤት ሌላ ቦታ አኑረው።

ከሁሉ በላይ የምልህ፥ መያዣውን ከመግዛትህ በፊት ማን እንደሚሸከመው ጠይቅ። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚሄድ እንደሆነ ክዳኑ የሚቆለፍ የቆርቆሮ ሣጥን ይበቃዋል፤ ተማሪ ቤት ስንገባ ይዘነው የምንሄደው ዓይነት። በጀርባህ የምትሸከም እንደሆነ ማእዘን ያለው ነገር ሁሉ ጠላትህ ነው። በበቅሎ የሚሄድ እንደሆነ ደግሞ ሁለቱ ጎኖች እኩል መመዘን አለባቸው፥ መያዣውም ወይ መጫኛ ሲጠብቅበት ሰጥቶ የሚመለስ፥ ወይ ጭራሽ የማይሰጥ መሆን አለበት። በመካከል ያለው ነው የሚሰነጠቀው። ስልቻና አቁማዳ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ጀሪካን ከሁለተኛው።

ይኸን ስል የድሮውን ሁሉ አመስግኜ አዲሱን የምነቅፍ እንዳይመስልህ። ቆዳ ዝናብ ሲነካው ይርሳል፥ ይሸታል፥ አይጥም ይወደዋል። በክረምት ስልቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ከላዩ ላስቲክ ካላለበሰው በሶው ይሻግታል። አገልግልም ለእንጀራና ለወጥ የአንድ ቀን መንገድ ወዳጅ ነው፤ ለአምስት ቀን ግን ውስጡ እርጥበት ይይዛል። እኔ ዛሬ በሶውን የዱቄት ወተት በነበረበት ትልቅ ጣሳ እይዛለሁ፤ ክዳኑ በማንኪያ ጫፍ ካልተፈለቀቀ አይከፈትም። ጣሳውን በጨርቅ ጠቅልዬ በጆንያ አደርገዋለሁ። ስለ ቁራዎቹም ላስጠንቅቅህ፤ በሰሜን ያለው ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ የሰፈር ሌባ ነው፤ ፌስታል ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የእርሱ ነው።

የገዛኸውን ዕቃ መንገድ ሳትወጣ ፈትነው። ውኃ ሙላበት፥ ዝጋው፥ ገልብጠህ በጋዜጣ ላይ አሳድረው። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ እንደሆነ፥ ተቀመጥበት። ተቀምጠህበት ያልተሰነጠቀ እንደሆነ፥ በቅሎይቱም ትፈቅደው ይሆናል። ጋዜጣ ያጣህ እንደሆነ በዚህ መጽሔት ተጠቀም፤ አንብበህ ከጨረስህ በኋላ ግን ይሁን።

አክስቴ ያን ጊዜ ምን እንደሆንን ነግሬያቸው ብዙ አልተቆጡኝም። አገልግሉን ግን ከዕቃ ቤት አውጥተው ሳሎን ግድግዳ ላይ፥ እኔ ስገባ ፊት ለፊት በሚታየኝ ቦታ ሰቀሉት። ልጁም ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ይዟል፤ አልፎ አልፎ እንገናኛለን። እስከ ዛሬ በሶ ሲቀርብለት አስቀድሞ ኩባያውን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፥ ያሸተዋል፥ ከዚያም ወደ እኔ ይመለከታል።